ልጃችን ኮክሌር ኢምፕላንት ይሰራለት ወይስ ይቅር? ከመወሰናችሁ በፊት ማየት ያለባችሁ

ልጃችሁ እንደማይሰማ በምርመራ ከተነገራችሁ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የሆነ ሰው፣ ወይ ሀኪም ወይ ዘመድ ወይ ቲክቶክ፣ "ኮክሌር ኢምፕላንት (በኦፕራሲዮን ጆሮ ውስጥ ሚገባ የመስሚያ መሳሪያ) አለ እኮ" ማለቱ አይቀርም። ከዛ በኋላ እንቅልፍ የለም። አንዱ ወገን ቶሎ ካላሰራችሁለት በደላችሁት ይላል፣ ሌላው ወገን ደሞ ልጁ ምን ጎደለውና ነው ጭንቅላቱ ሚከፈተው ይላል፣ እናንተ መሀል ላይ ትቀራላችሁ። እኔም እዛው መሀል የነበርኩ እናት ነኝ፣ ልጄ ተሰርቶላታል፣ በምልክት ቋንቋም ታወራለች፣ ስለዚ ለየትኛውም ወገን ጠበቃ ልሆን አልመጣሁም። ምፅፈው ውሳኔውን በምን ቅደም ተከተል ብታስቡት እንደሚቀል ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል፣ የቀረው ሁሉ እዚ ላይ ነው ሚቆመው። እናንተ ስታስቡ፣ ወረፋ ስትጠብቁ፣ ገንዘብ ስታፈላልጉ ልጁ ያለቋንቋ መቀመጥ የለበትም። ሰው ሚጨነቀው "ይሰማል ወይስ አይሰማም" ብሎ ነው፣ ግን በጨቅላ እድሜ ልጅን በጣም ሚጎዳው ምንም አይነት ቋንቋ ሳያገኝ መክረሙ ነው፣ ቋንቋ ደሞ በጆሮም ይገባል በአይንም ይገባል። ስለዚ ብታሰሩም ባታሰሩም ምልክት ቋንቋ መማር አሁኑኑ ጀምሩ። "ወተት"፣ "ና"፣ "ጨምር"፣ "የት ሄደ" ሚሉትን ብቻ ይዛችሁ ጀምሩ፣ እጃችሁ ቢተሳሰር ችግር የለውም፣ ህፃኑም ገና ጀማሪ ነው። መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከ90 በመቶ በላይ ሚሆኑት ሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው፣ ማለትም አብዛኞቻችን በህይወታችን መጀመሪያ የቀረብነው መስማት የተሳነው ሰው የገዛ ልጃችን ነው፣ እና ምልክቱ መጀመሪያ ላይ እንግዳ ቢሆንባችሁ አይግረማችሁ።

ምርመራው መጀመሪያ ይጥራ

ሲወለድ ሚደረገው ማጣሪያ ምርመራ አይደለም። "አላለፈም" ማለት "ይመርመር" ማለት ነው እንጂ "አይሰማም" ማለት አይደለም፣ ጆሮው ውስጥ የቀረ ፈሳሽም ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ደሞ ማጣሪያውን አልፎ ግን ማይሰማ ልጅ አለ፣ ጆሮው ድምፁን ይቀበላል ነርቩ ግን አስተካክሎ አያደርሰውም፣ ኦ ኤ ኢ ሚባለው ምርመራ ብቻውን ይሄን አያገኘውም። ስለዚ ኤ ቢ አር ሚባለው መሰራቱን አረጋግጡ፣ ህፃኑ ተኝቶ እያለ ጭንቅላቱ ላይ ትንንሽ ሽቦ ለጥፈው ድምፅ እያሰሙ የነርቩንና የአንጎል ግንዱን ምላሽ ሚያዩበት ነው። በአለም ላይ ባለሙያዎች ሚመክሩት በ1 ወር ማጣሪያ፣ በ3 ወር የተረጋገጠ ውጤት፣ በ6 ወር ድጋፍ መጀመር ነው። የናንተ ልጅ ሁለት አመት ሞልቶት ከሆነ የታወቀው ራሳችሁን አትግረፉ፣ በጣም ብዙ ቤት እንደዛ ነው ሚታወቀው፣ ከዛሬ ጀምሩ በቃ።

ውጤቱን ስትቀበሉ "ከባድ ነው" በሚል ብቻ አትውጡ። የግራውና የቀኙ ለየብቻ፣ በቀጭን ድምፅና በወፍራም ድምፅ ለየብቻ ስንት ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) እንደሆነ በወረቀት ጠይቁ። ከ90 ዴሲቤል በላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ጥልቅ ይሉታል፣ ከ70 እስከ 90 ያለው ከባድ ነው። ይሄ ቁጥር ለምን ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ጥሩ ሂሪንግ ኤይድ (ጆሮ ላይ ሚደረግ ድምፅ ሚያጎላ መሳሪያ) ሊረዳው ሚችል ልጅ አለ፣ እና አብዛኛው ቡድን መጀመሪያ ከ3 እስከ 6 ወር በሂሪንግ ኤይድ አይቶ ነው ወደ ኦፕራሲዮን ሚሄደው። ይሄን ጊዜ እንደ ቢሮክራሲ አትዩት። ልጁ ጆሮው ላይ ነገር ማቆየት ይለምዳል፣ እናንተም ቀኑን ሙሉ ማስደረግ ትችሉ እንደሆነና እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

መንስኤውንም ጠይቁ። ከዘር ሚመጣው ብዙ ነው፣ ከነሱ ውስጥ ጂ ጄ ቢ 2 ሚባለው ጂን ላይ ያለው የታወቀ ነው፣ ችግሩ ያለው ኮክሊያው (ድምፅ ሚቀበለው የውስጠኛው ጆሮ ክፍል) ውስጥ ስለሆነና ነርቩ ጤነኛ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በኢምፕላንት ጥሩ ውጤት ያያሉ። ሁለት ነገር ደሞ ካያችሁ ዝም አትበሉ። አንደኛ ልጁ መስማት ካለመቻሉ ሌላ መቀመጥና መራመድም በጣም ከዘገየ ስለ አሸር ሲንድሮም ጠይቁ፣ እያደገ ሲሄድ አይንም ስለሚያዳክም፣ አይኑ ሚዳከምበት ልጅ ላይ የመስማት ጉዳይ ሌላ ክብደት አለው። ሁለተኛ በቤተሰብ ውስጥ ራሱን ስቶ ሚወድቅ ወይ በድንገት የሞተ ልጅ ካለ የልብ ኢሲጂ ይነሳ፣ መስማት አለመቻልና የልብ ምት ችግር አብረው ሚመጡበት በዘር ሚተላለፍ ህመም አለ፣ ማደንዘዣ ከመውሰዱ በፊት መታወቅ አለበት። ይሄን ብዙ ሰው አያነሳውም።

ማጅራት ገትር ታሞ መስማት ያቆመ ልጅ ከሆነ ግን ከላይ ያልኩት ከ3 እስከ 6 ወር ማየት አይሰራም። ከዛ በሽታ በኋላ ኮክሊያው ውስጥ አጥንት ሊያድግ ይችላል፣ በሳምንታት ውስጥ ሊጀምር ይችላል፣ ከተዘጋ በኋላ የኢምፕላንቱን ቀጭን ሽቦ (ኤሌክትሮዱን) ማስገባት በጣም ይከብዳል። እዛ ላይ ውሳኔው ቶሎ ነው ሚፈለገው፣ ሂሪንግ ኤይድ እየሞከሩ መቆየት የለም።

መሳሪያው ምን ያደርጋል ምን አያደርግም

ሁለት ክፍል ነው። ውጪ ያለው ከጆሮ ኋላ ሚቀመጥ ፕሮሰሰር ነው፣ ማይክ አለው ባትሪ አለው፣ ከሱ ሚወጣ ሽቦ ጫፍ ላይ ማግኔት ያለው ክብ ነገር አለ፣ ፀጉር ስር ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ውስጥ ያለው ደሞ ቆዳ ስር ሚቀበር መቀበያና ኮክሊያው ውስጥ ሚገባ ቀጭን የኤሌክትሮድ መስመር ነው። የተጎዱትን ድምፅ ሚቀበሉ ፀጉር መሰል ሴሎች አልፎ ነርቩን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ይነካዋል።

አሁን እዚ ላይ ቁጥሩን እዩት። ጤነኛ ጆሮ ውስጥ ድምፅን ወደ ነርቭ ሚያደርሱት ዋነኞቹ ሴሎች ወደ 3,500 ገደማ ናቸው። ኢምፕላንቱ ያለው ከ12 እስከ 22 ኤሌክትሮድ ነው፣ እንደ ኩባንያው። ሺህ አይነት ቀለም ያለውን ስዕል በ22 እርሳስ እንደመሳል ነው፣ ምን እንደሆነ ትለያለህ፣ ያው ስዕል ግን አይደለም። ስለዚ ፀጥ ባለ ክፍል አንድ ለአንድ በደንብ ሚያወራ ልጅ ግርግር ያለበት ክፍል ውስጥ ሊጠፋበት ይችላል፣ ሙዚቃ ላይም ይከብዳል። ማታ ሲያወልቀው ደሞ በቃ አይሰማም። ገላውን ሲታጠብ አይሰማም (ውሃ ማያስገባ ሽፋን ካለው ሌላ ነገር)፣ ባትሪው ሲያልቅ አይሰማም። በጣም የተሳካለት ልጅ እንኳን መስማት የተሳነው ልጅ ሆኖ ነው ሚቀጥለው፣ "ዳነ" ሚለውን ቃል ከቤታችሁ አውጡት፣ ኋላ ላይ ልጁንም እናንተንም ያስከፍላችኋል፣ ሰው ሁሉ "ከዳነ ለምን አይሰማኝም" እያለ ነው ሚቆጣው።

እድሜ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ኤፍ ዲ ኤ (መድሃኒትና የህክምና መሳሪያ ሚፈቅደው መስሪያ ቤት) ለልጆች መጀመሪያ የፈቀደው በ1990 ነው፣ ያኔ ሁለት አመትና ከዛ በላይ ላሉት ነበር፣ በ2000 ወደ 12 ወር ወረደ፣ በ2020 ደሞ ወደ 9 ወር። ሚወርደው ያለምክንያት አይደለም፣ ድምፅ ሚቀበለው የአንጎል ክፍል በቀላሉ ሚማረው እስከ ሶስት አመት ተኩል አካባቢ ነው፣ ከሰባት አመት በኋላ ደሞ በጣም ይቀንሳል። ሲወለድ ጀምሮ ምንም ሰምቶ ማያውቅ የዘጠኝ አመት ልጅ ቢሰራለት የመኪና ጥሩንባ፣ የበር መንኳኳት፣ ስሙ ሲጠራ ሊያውቅ ይችላል፣ ንግግር በጆሮው ብቻ ይገባዋል ብሎ መጠበቅ ግን ልጁን ለውድቀት ማዘጋጀት ነው። ተናግሮ ሰምቶ በኋላ መስማት ያቆመ የዘጠኝ አመት ልጅ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ ላይ ተስፋው ትልቅ ነው። ደሞ በዚ እድሜ ያለ ልጅ ራሱ ይጠየቅ እንጂ፣ ጭንቅላቱ እኮ የሱ ነው፣ ማይፈልግ ልጅ አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ነው ሚከተው።

ሀኪሙ ጋ ስትሄዱ

ስለ ኦፕራሲዮኑ አጠር አድርጌ ላውራ ምክንያቱም ወላጅ ሁሉ እሱን ነው ሚፈራው፣ ከሂደቱ ሁሉ ግን አጭሩ እሱ ነው። ለአንድ ጆሮ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሶስት ሰአት አካባቢ ነው፣ ከጆሮ ኋላ ያለውን አጥንት ቦርቡረው ነው ሚገቡት፣ አንጎል አይነካም። አብዛኛው ልጅ በዛው ቀን ወይ በነጋታው ቤቱ ይገባል። ሊያጋጥሙ ሚችሉት ኢንፌክሽን፣ ማዞር፣ የምላስ ጣዕም መለወጥ፣ አልፎ አልፎ ደሞ የፊት ነርቭ መጎዳት ናቸው፣ ነርቩ በዛው ስለሚያልፍ ኦፕራሲዮኑ ላይ በማሽን እየተከታተሉት ነው ሚሰሩት። ኢምፕላንት ያላቸው ልጆች ማጅራት ገትር ሚይዛቸው እድል ከሌላው ልጅ ከፍ ስለሚል የኒሞኮካል ክትባቱ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ማለቅ አለበት፣ ይሄን ራሳችሁ አስታውሷቸው። እና የቀረች ትንሽ መስማት ካለችው ልትጠፋ እንደምትችል እወቁ። ውስጥ ማግኔት ስላለ ወደፊት ኤም አር አይ ሲያስፈልገው መጀመሪያ መጠየቅ አለበት፣ አዳዲሶቹ መሳሪያዎች በሁኔታ ይፈቅዳሉ።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ኤም አር አይ ይነሳል፣ እዛ ላይ አንድ ነገር ብቻ ብትጠይቁ "የመስማት ነርቩ አለ ወይ፣ በሁለቱም ጆሮ?" ብላችሁ ጠይቁ። ነርቩ ከሌለ ኢምፕላንቱ ሚነካው ነገር የለም።

ከዛ ደሞ ወላጅ ማይጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። "ስንት ልጅ ሰርታችኋል" ሚለውን ሁሉም ይጠይቃል፣ እናንተ "እንደኛ ልጅ አይነት፣ በዚ እድሜ፣ በዚ ምክንያት፣ ያልተሳካለት ልጅ አሁን እንዴት ነው ያለው" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ውስጥ ብዙ ነገር አለ። ሳያፍር ሚነግራችሁ ቡድን ጥሩ ቡድን ነው፣ "እኛ ጋ እንደዛ ሚባል የለም" ካሏችሁ እኔ ብሆን ሌላ ጋ ሄጄ እሰማለሁ። ሁለተኛ "ባይሰራስ ልጄ በምን ያወራል?" በሉ። "እሱን ያኔ እናያለን" ከተባላችሁ ያኔ ልጁ ስንት አመቱ እንደሚሆን እዛው ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩ። ሶስተኛ መሳሪያው ቢበላሽ የት ነው ሚሰራው፣ ሽቦ ሲበጠስ በስንት ቀን ይመጣል፣ ይሄ የፕሮሰሰር ሞዴል ሲያረጅ አዲሱ ከውስጠኛው ክፍል ጋ ይገጥማል ወይ። ውስጡ ያለው ራሱ ሊበላሽ ይችላል፣ ያኔ ሌላ ኦፕራሲዮን ነው። ገንዘቡን ስታሰሉ ኦፕራሲዮኑን ብቻ አታስሉ፣ ባትሪ፣ ሽቦ፣ ማግኔት፣ ቴራፒ (መስማትና መናገር ማለማመድ)፣ ምልልስ፣ በየተወሰነ አመቱ ፕሮሰሰር መቀየር፣ እና ይሄ እድሜ ልኩን ነው። ኢንሹራንስ ወይ እርዳታ ሚሸፍንላችሁ ከሆነ የመጀመሪያውን ብቻ ነው ወይስ ተከታዩንም ሚለውን በፅሁፍ ያዙ።

ሚበራበት ቀንና ከዛ በኋላ

ዩቲዩብ ላይ ያያችኋቸውን ቪዲዮዎች ታውቃላችሁ፣ ህፃኑ መሳሪያው ሲበራ ፈገግ ይላል እናት ታለቅሳለች። ሚለጠፈው የፈገገው ነው። ብዙ ልጅ ይጮሃል፣ ብዙ ልጅ ደሞ ምንም አይልም። የኔዋ ልጅ ደሞ፣ ኦዲዮሎጂስቷ (የመስማት ባለሙያዋ) ኮምፒዩተሩ ላይ ድምፁን ቀስ እያለች ስትጨምር መጀመሪያ መጥባቷን አቆመች፣ አይኗ ፈጠጠ፣ ቀጥሎ ያንን ክቡን ነገር ከጭንቅላቷ ነቅላ ወረወረችው፣ የጠረጴዛው የብረት እግር ላይ ሄዶ ቀጭ ብሎ ተለጠፈ። ባለቤቴ "ይሄው ተሰራ፣ ማግኔቱ ይሰራል" አለ፣ ሳቅን፣ በዛ ቀን የተገኘው ውጤት ያ ነበር። ብዙ ጊዜ ከኦፕራሲዮኑ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው ሚበራው፣ በዛ ቀን ልጁ ገና ዛሬ እንደተወለደ ጆሮ ነው ያለው፣ ድምፅ ምን እንደሆነ እንኳን አያውቅም።

ከዛ ማፒንግ አለ፣ ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮድ ትንሹ ሚሰማውንና ሚመቸውን ትልቁን ልክ ማስተካከል ነው፣ የመጀመሪያው አመት ላይ ደጋግሞ ነው ሚኬደው። ፕሮሰሰሩ በቀን ስንት ሰአት እንደተደረገ ይመዘግባል፣ ስለዚ ኦዲዮሎጂስቷ ጋ "ቀኑን ሙሉ ያደርገዋል" ብላችሁ ብትዋሹ ኮምፒዩተሩ ያጋልጣችኋል ሃሃ። ነቅቶ ባለበት ሰአት ሁሉ ነው መደረግ ያለበት፣ በቀን ሶስት ሰአት ሚያደርግ ልጅ በሶስት ሰአት ቋንቋ ነው ሚያድገው።

ጠዋት ጠዋት ደሞ ሊንግ ሚባለውን ፍተሻ ልመዱ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከኋላው ሆናችሁ፣ ከንፈራችሁን እንዳያይ፣ በተራ ሳይሆን እያቀላቀላችሁ ኣ፣ ኢ፣ ኡ፣ ሽ፣ ስ፣ ም በሉ። ትንሽ ከሆነ በሰማ ቁጥር ኩብ ወደ ሳህን ይጣል፣ ከፍ ካለ ይድገመው። እነዚ ስድስቱ የንግግርን ድምፅ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ይሸፍናሉ። ትናንት "ስ"ን ሰምቶ ዛሬ ዝም ካለ ልጁ ሰነፈ ብላችሁ አትቆጡት፣ ባትሪ ቀይሩ፣ ሽቦ ቀይሩ፣ የማይኩን ሽፋን እዩ፣ አሁንም ካልሆነ ደውሉ። መናገር ማይችል ልጅ "መሳሪያዬ ተበላሽቷል" ብሎ አይነግራችሁም። ማግኔቱ ያለበትንም ቆዳ ማታ ማታ እዩት፣ ከቀላ ሚይዘው በጣም ጠንክሯል ማለት ነው።

እንግዲህ ውሳኔው ያለው እዚ ነው። ከሁለታችሁ ማን ነው ልጁን ለማፒንግ ሚያመላልሰው፣ ስራው ይፈቅድለታል ወይ፣ ቀኑን ሚውልበት ሰው ጋ መሳሪያውን ሚያስደርገው ማን ነው፣ ቴራፒስት በአቅራቢያ ከሌለ በቪዲዮ ሚሰራ አለ ወይ። ለነዚ መልስ ከሌላችሁ ጥሩ ኦፕራሲዮን ብቻውን ልጅ አያናግርም። "አሁን አንችልም" ማለት ልጅን አለመውደድ አይደለም፣ ግን አንችልም ካላችሁ ምልክት ቋንቋው ላይ ሙሉ ለሙሉ መግባት አለባችሁ፣ መሀል ላይ መቅረት ነው ሚጎዳው።

ምልክት ቋንቋን ተዉ ሲሏችሁ

አንዳንድ ባለሙያ "ምልክት ካወቀ ሰንፎ አይናገርም" ይላችኋል። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ አስተማሪዎች፣ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ሚሰሙ፣ ምልክት ቋንቋ ከትምህርት ቤት ይውጣ ብለው ወስነው ስንት ትውልድ እጁ እየተመታ ነው ያደገው፣ ያንን ውሳኔ ያው ጉባኤ ቫንኮቨር ላይ በይፋ የተፀፀተበት በ2010 ነው። ምልክት ማወቅ በራሱ ልጅን ከመናገር እንደሚያግድ የተረጋገጠ ነገር የለም፣ ባለሙያዎቹ ሚከራከሩት ንግግሩን ምን ያህል ይረዳል ሚለው ላይ ነው። እኔ ሳየው ደሞ በጣም ቀላል ነገር ነው፣ ባትሪው ሲያልቅ፣ ታጥቦ ሲወጣ፣ ማታ ሲያስፈራው፣ በምን ልታወሩት ነው?

መስማት የተሳናቸው አዋቂዎችን ሳታገኙ አትወስኑ፣ ይሄን አጥብቄ ነው ምለው። አንድ ሰው ብቻ አይደለም፣ ኢምፕላንት ኖሮት ሚወደው፣ ኖሮት የተወው፣ ጨርሶ ያልፈለገውም። ይቆጡናል ብላችሁ አትፍሩ። የአሜሪካው መስማት የተሳናቸው ብሄራዊ ማህበር በ1991 ለልጆች መሰራቱን አጥብቆ ተቃውሞ ነበር፣ በ2000 ያንን አቋም አለስልሶ ውሳኔው የወላጅ እንደሆነ፣ ግን በቂ መረጃ ይዘው፣ ቋንቋም ሳይነፈግ ይሁን አለ። ቁጣው ከየት እንደመጣ ስታዳምጡ ደሞ አብዛኛው ስለ ሽቦው አይደለም፣ እራት ላይ ቤተሰብ ሁሉ ሲስቅ "በኋላ እነግርሃለሁ" እየተባለ ስላደገ ልጅ ነው። ኢምፕላንት ያለው ልጅም ይሄ ይደርስበታል፣ እራት ላይ አምስት ሰው አንዴ ሲያወራ ሚለየው የለም፣ ስለዚ ብታሰሩም ይሄን ምክር ውሰዱት።

"መድሃኒት ሊመጣ ነው፣ እንጠብቅ" ሚሉም አሉ። ኦቶፈርሊን ሚባለው ጂን ላይ ችግር ያለባቸው ልጆች በጂን ህክምና መስማት እንደጀመሩ ሚያሳዩ ውጤቶች በ2024 ታትመዋል፣ እውነት ነው፣ ደስ ይላል። ግን ለዛ ጂን ብቻ ነው፣ እሱ ደሞ ከመስማት ችግር መንስኤዎች ትንሹን ድርሻ ነው ሚይዘው። የዘር ምርመራ አሰርታችሁ እሱ ከሆነ ጠይቁ፣ ካልሆነ ግን በሱ ተስፋ ያቺን ሶስት አመት ተኩል አታቃጥሏት።

ሁለታችሁ ካልተስማማችሁ ለየብቻችሁ ወረቀት ላይ ፃፉ፣ "ተሳካ ምለው ልጄ በአስር አመቱ ምን ሲያደርግ ሳይ ነው" ሚለውን። ብዙ ጊዜ አንዱ "ሲናገር" ብሎ ይፅፋል ሌላው "ጓደኛ ሲኖረው"፣ ከዛ ወሬው ከአሰሩት አታሰሩት ወጥቶ ወደ ልጁ ይመጣል። አያቶችን እዚ ደረጃ ላይ አታስገቧቸው፣ ከወሰናችሁ በኋላ ንገሯቸው።

እናሰራለን ካላችሁ ክትባት፣ ኤም አር አይ፣ የማፒንግ ቀጠሮዎች በወረቀት፣ ቴራፒስት ከኦፕራሲዮኑ በፊት የታወቀ፣ እና አንድ ጆሮ ነው ሁለት ሚለው፣ ሁለቱንም በአንዴ ወይ ሳይራራቅ መስራት ድምፁ ከየት እንደመጣ ለማወቅና ግርግር ውስጥ ለመስማት ይረዳል። አናሰራም ወይ ለጊዜው ይቆይ ካላችሁ ደሞ ምልክት ሚያስተምር ሰው ቤት ድረስ እንዲመጣ፣ ልጁ መስማት የተሳናቸው ልጆች ጋ እንዲጫወት፣ የመስማት ምርመራው በየስድስት ወሩ እንዲቀጥልና "ይቆይ" ካላችሁት ጋር አብራችሁ ቀን ቁረጡለት፣ መቼ ላይ ተቀምጣችሁ እንደገና እንደምታዩት። ልጁ ሶስት አመት ከመሙላቱ በፊት ያለ ቀን ይሁን።